አውሬው ምን አለ?

ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ፣
የቆርቆሮ በሩን ጎንበስ ብሎ ሲገባ፣
ስሙኒ የሚከፈልበት ቪዲዮ ቤት ነበር፤
መጋረጃው ማዳበሪያ፣ ወንበሩ አጠና፣ ምንጣፉ አፈር።
ጦሳ ጉሙን ሲለቅ፣ ደሴ ስትጨልም፣
ጉልበት ለጉልበት ነን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ፣ ለፊልም።

ቋንቋው የማን ይሁን የሚያውቅ ሰው የለ፤
ይብሬ ግን በሸምበቆው ቴሌቪዥኑን ነክቶ «እንዲህ አለ» ካለ፣
አለ ነው።
ፈረንጁ ወታደር የቆሰለ ጓዱን «አብሽር!» ይለዋል፤
ወርቅ ጸጉሯ ሚስቱ «አፈር ልሁንልህ» ብላ ትስመዋል።

ኋላ፣ ከበሩ ሥር፣ ንፋስ በሚገባበት፣
አራጋው አለ፤ ቦታውን ማንም አይሻማበት።
የቀጥቃጩ ልጅ።
አባቱ የሳለው ማረሻ የሁላችንን መሬት ያርሳል፤
አባቱ ሲያልፍ ግን ሌማታችን ጨርቅ ይለብሳል።
እኛም እሸት ይዘን ጀርባ እንሰጠዋለን፤
ሲስቅልን፣ ዓይኑን ፈርተን፣ መሬት መሬት እናያለን።

ያን ለት የመጣው አውሬ በረዶ ነው እጁ፤
ሲነካው የሚደርቅ ውሃው፣ ቅጠሉ፣ ደጁ።
ማታ ማታ ወጥቶ መስኮት ሥር ይቆማል፤
እናት ለልጇ የምትነግረውን ተረት ውጭ ሆኖ ይሰማል።
አንድ ሌሊት ሕፃኗን ትኩሳት ያዛትና፣
እናት እንቅልፍ ሲጥላት፣ ገባ ቀስ አለና፣
መዳፉን ግንባሯ ላይ አኖረ።
በረደላት።
እናት ነቃች። ያየችው መዳፉን ብቻ ነው።

ከዚያማ ችቦው፣ ውሻው፣ መጥረቢያው፣ ደወሉ፤
እኛም አጠናው ላይ ቆመን «በለው!» ስንል ሁሉ፣
አውሬው ገደል አፋፍ ደርሶ አፉን ከፈተ።
ይብሬ ሸምበቆውን አወረደ፤ ድምፁ ለሰለሰ፤
አንድ ጊዜ ብቻ ወደ በሩ ዓይኑን መለሰ፤
«እንዲህ አለ፤
ትኩሳቷን ወሰድሁ እንጂ ልጅቱን መቼ ወሰድሁ?
ስምህ ማነው ያለኝ ማነው፣ እዚህ ከተወለድሁ?
እናንተ እኔን ፈራችሁ፤ እኔም እናንተን ፈራሁ፤
ልዩነቱ፣ እናንተ ብዙ ናችሁ።»

ሽንብራ የሚቆረጥመው ጥርስ ሁሉ ቆመ።
አራጋው በእጅጌው አፉን ይዞ አለቀሰ፤
ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሳቀበት።

በመስከረም እህቴ ዘይነባ ነደደች፤ ለፈለፈች።
የጎረቤት ሴቶች ገብተው አዩና፣ «ተበላች።
ጸጉሩን አምጡ፤ ካልሆነም የለበሰውን ቅዳጅ፤
ለጭሱ።» የተላክሁት እኔ ነኝ፣ እኩያው፣ የፊልም ቤት ወዳጅ።
ከኋላዬ ሁለት አጎቶቼ፣ ዱላና ባትሪ ይዘው።
አራጋው ወጣ። ምን ፈለጋችሁ አላለም።
አባቱ በሠራው መቀስ፣ ከግንባሩ በላይ፣
ራሱ ቆረጠ፤ በእጄ ላይ አኖረው።
ጣቱ ብርድ ነበር።
«ትኩሳቷ በረደላት ወይ?» አለኝ።
አልመለስሁም። አጎቶቼ ነበሩ።

ዘይነባ ዳነች። ከሆስፒታል የመጣ ክኒን ነበር፤
ክኒኑን ግን ማን ያነሳል? ጸጉሩ ነው የተወራው በሰፈር፤
ያዳናት ጸጉር ማስረጃ ሆነበት፣
የበላት እሱ ለመሆኑ።
በኅዳር ባልፍ ቤታቸው ተዘግቷል፤
ወናፉ ደጅ ላይ፣ ትንፋሹ አልቆ፣ ተኝቷል።

ዘንድሮ ልጄ ያንኑ ፊልም በስልኩ አገኘው፣ ከነጽሑፉ።
ጎኑ ተቀምጬ ጠበቅሁ፤ ደረሰ አውሬው ካፋፉ።
አፉን ከፈተ።
ጮኸ።
ከታች የተጻፈ ነገር የለም። አንድ ቃል፣ አንድ ፊደል የለም።
ይብሬ፣ አፈሩን ያቅልልህ፣ ያን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

«አባ፣ ምን አለ?» አለኝ ልጄ።
ጣቴን እንደ ሸምበቆ መስታወቱ ላይ አኖርሁ፤
ብዙ ቆየሁ።
«እንዲህ አለ» አልሁት፤
«ትኩሳቷ በረደላት ወይ? አለ።»